ያላኖርኩት ሰረዝ

ነገ ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ በባሕሩ ዳር
ፈረሶቹን ያለማምዷቸዋል ከድንጋጤ ጋር፤
ባሩድ ይተኩሳሉ፣ ጭስ ይለቃሉ ከኮቴያቸው ሥር፣
ሰልፈኛው ጥሩምባ ይነፋል፣ ልጆች ይጮኻሉ፤
ጥቁሮቹ ፈረሶች መጀመሪያ ይዘላሉ፣
ኋላ ጆሯቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ፣
ኋላ እሱንም ይተዋሉ።
ገርበን ባልደራሱ፣ አሸዋውን ከልጓሙ እያራገፈ፣
"ይሄኛው" አለኝ "ዐሥር መስከረም አለፈ፤
ሠለጠነ ማለት መፍራት ተወ ማለት አይደለም፤
ፍርሃቱን የሚያኖርበት ቦታ የለም።"

እኔ ያኮሚን ነኝ፤ ሄግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ከብስክሌት ማቆሚያው በላይ።
የንጉሡን ንግግር እጽፋለሁ፣ መጻፍ ከተባለ፤
ከየመሥሪያ ቤቱ ብጣሽ ይመጣል፣ እሰፋዋለሁ እንዳለ።
"እኔ" የሚል ቃል የለበትም፤ "መንግሥት ያምናል፣ መንግሥት ያቅዳል"፤
መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ሲመርቅ፣ "ከእኔ ጋር ጸልዩ" ይላል።
ይነግሣል አሉን፤
እኔ እንዳየሁት ይነግራል።

"ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" እኛም ሕግ ውስጥ አለ፤
ግን ያላዘዘ በምን ይከሰሳል? ሚኒስትሩ ነው የፈረመ፣ ሚኒስትሩ ነው የማለ።
ባሌ ሬይንደር እራት ላይ ይቆጣል፦
"በድምፅ ያልወጣ በምን ድምፅ ይወርዳል?"
እውነቱን ነው። ድንች እየላጥኩ ዝም እላለሁ።
አንዳንዴ ግን ያንን ከፍ ያለ ወንበር አስባለሁ፦
ባዶ ቢሆን ስንቱ ይጋፋበት ነበር፣ ስንቱ በክርኑ፤
እሱ የተቀመጠው ሌላ እንዳይቀመጥ ይሆናል፤ ይኸው ነው ሥልጣኑ።

ዘንድሮ ገጽ ሰባት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።
እናቴ ሰሜን ናት፣ ጋዝ ከሚወጣበት ምድር፤
ጋዙ ሲወጣ መሬቱ ይቀመጣል፣
መሬቱ ሲቀመጥ የእናቴ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤
ስንጥቁ ጣት ያስገባል።
በሌሊት ብርጭቆው ሲንቃጨል ትነሣለች፣
አንድ በአንድ ከመደርደሪያው ታወርዳለች።
ከሚኒስቴሩ የመጣልኝ ብጣሽ ግን እንዲህ ይላል፦
"የሰሜን ነዋሪዎች ጉዳይ በአግባቡ ይታያል።"
በአግባቡ!
ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤
በአራተኛው ጻፍኩት፤ እጄ፣ እንደ ፈረሱ፣ ታገሠ።

ማክሰኞ። ባርኔጣው፣ ላባው፣ ሰይፉ፣ መለከቱ፤
ሠረገላው መጣ፣ ንጉሡ በመስተዋቱ፤
ፈረሶቹ አልደነገጡም።
መነጽሩን አደረገ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም፤
ገጽ ሦስት፣ ጡረታ፤ ገጽ አምስት፣ ግድብ፤
አንድ ሽማግሌ እንደራሴ ሲያንቀላፋ፣ ሲነቃ፣ የሰው ባርኔጣ ሲያስብ።
ገጽ ሰባት።
"የሰሜን ነዋሪዎች ጉዳይ" አለ፤

ቆመ።

እዚያ ጋ ሰረዝ አላኖርኩም።
በቴሌቪዥኑ ላባ እንኳ ሲወዛወዝ አላየሁም።
ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰዓታቸውን አዩ።
ጉሮሮው ነው? መብራቱ ነው? ወይስ ሰውየው?
ሕገ መንግሥቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስለ ትንፋሽ አንቀጽ የለው።
ከዚያ "በአግባቡ ይታያል" አለ፤
ገጹን ገለጠ፣ ቀጠለ።

ማታ እናቴ ደወለች። "ሰማሽው?"
"ምኑን?"
"ዝም ያለውን።"
"ጉንፋን ይዞት ነው፣ እማ።"
"ይሁና። ብቻ ጎረቤቴም ሰምታዋለች፣ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪም ሰማ።"
ስንጥቁ እንደሆነ ያው ነው አለችኝ፣ አንዲት ጣት።
ከዚያ ስለ ድመቷ አወራችኝ፤ ግልገሎቿን ወልዳለች በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ አራት።

በማግስቱ ንግግሩ ታተመ፤ ዐረፍተ ነገሩ ድፍን፣
እንደ አዲስ ግንብ ልስን።

በዓመቱ፣ ረቂቁን ስልክ፣ አለቃዬ መጣ፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ፤
"ገጽ ሰባት ላይ፣ በሁለት ቃል መካከል፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤
ስህተት ነው?" አለ።
"ስህተት ነው" አልኩት።
እስካሁን አልዘጋሁት።