የመቀርቀሪያው ደረሰኝ

ይድረስ ለድጎማ ሰጪዎች፤
ከሆጤ ሰፈር ቅሬ፣ የስድስት ወር ወጪዎች።

ሃያ ሰባት ዓመት ኮምቦልቻ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
ጣቃ ቆጥሬ ያረጀሁ ነኝ፣ አቡጀዴ ስለካ፤
አንዲት ክንድ ጎድላብኝ አታውቅም።
ይኸኛው ግን፣ አልዋሻችሁም፣
ብደምረው ብደምረው አይዘጋም።

ማመልከቻችሁ ሲመጣ፣ ገና ከላዩ፣ ከፊቱ፣
«የተጠቃሚ ልጆች ዕድሜ፦ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ።»
ይማም ሠላሳ አራት ነው፤ ጺሙን የምላጨው እኔ።
የአልጋነሽ ልጅ ወለላ ሃያ ዘጠኝ፤
የእንድሪስ ወንድም አርባን አልፏል፣ ወገቡንም ያመዋል።
ኦቲዝም ያለበት ሰው አሥራ ስምንት ሲሞላው
እንደ ጦሳ ራስ በማለዳ
ጉም ይውጠዋል እንዴ፣ ማንም ዞሮ እንዳያየው?
ዘምዘም በእስክርቢቶ ሠረዘች፤ «አዋቂዎች» ብላ ጻፈች፤
«አብሽሩ፣ ቢመልሱት ይመልሱት» ብላ ፈረመች።
አልመለሳችሁትም። አላህ ይስጣችሁ።

እንግዲህ ወደ ወጪው።

የመጋረጃ ጨርቅ፣ ወፍራም፣ አሥራ ሁለት ሜትር፤
(ራሴ ለካሁት እንጂ፣ ሻጩ ሊያጎድል ሲሞክር።)
የጆሮ መከለያ አራት፣ ብረት ቆራጮች የሚያደርጉት፤
መውሊድ ሲደምቅ፣ ጥምቀት ሲወጣ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጮኽበት
ይማም ግንባሩን ከግድግዳ አያጋጭም አሁን፤
አጥልቆት ደጃፍ ይወጣና ያያል ሰልፉን።

ለጥርስ ሐኪሙ የሁለት ሰዓት አበል፦
ለመንቀሉ አይደለም፤ ለመጠበቁ ነው።
ይማም ወንበሩን ዞሮ ዞሮ እስኪጠግበው፣
የመብራቱን ሽቦ በጣቱ ተከትሎ ጫፉ እስኪያደርሰው
ሰውየው እጁን አጣምሮ ቆመ።
ትዕግሥት በደረሰኝ ሲገዛ ያኔ አየሁ።
መንጋጋው አሥራ አራት ዓመት ማመርቀዙንም ያኔ ሰማሁ።
አሥራ አራት ዓመት! እኛ «ተነሣበት» እያልን
ከጸበል ወደ ዱዓ፣ ከዱዓ ወደ ጸበል ስናመላልሰው፣
ልጁ ጥርሱን ነበር ያመመው።

ገጽ አራት፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፦
«መቀርቀሪያ፣ አንድ፣ ከነብሎኑ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ብር።»
ኦዲተሯ በቀይ ከበበችው፤ «ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል? ይብራራ።»

ላብራራ።

ቤቴ ጓዳ አለ። በሩ ላይ መቀርቀሪያ ነበር፣ በውጭ በኩል።
እንግዳ ሲመጣ፣ እህቱን ሽማግሌ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት፣
የምቀረቅረው እኔ ነበርኩ፣ በዚሁ በምጽፍበት እጅ።
«ሌላ ልጅ የለህም?» ሲሉኝ፣ «አንዲት ናት» አልኩ።
ከጓዳ ማንጎራጎሩ ይሰማል።
ሬዲዮ ነው አልኳቸው።

አሁን ከቅሬው አዳራሽ ጀርባ፣
ድንኳኑና ብረት ድስቱ ከሚቀመጥበት ጎን፣
አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ሠርተናል።
አናጢው በሩን ሲገጥም ይማም ቆሞ ያይ ነበር፤
መቀርቀሪያውን ከእጁ ወሰደና
በውስጥ በኩል ለጠፈው፣ በመዳፉ ይዞ ቆመ።
ምንም አላለም። እሱ ብዙ አይናገርም።
አናጢው ወደኔ ዞረ።
ብሎኑን አቀበልኩት።

ዓለሙ ሲበዛበት ይገባል፤ ራሱ ይቀረቅራል፤
እኛ ደጅ እንቀመጣለን፤ ሲበቃው ራሱ ይከፍታል።

«የታየ ለውጥ፣ በአኃዝ» ለሚለው ሣጥን ደግሞ፦
ባለፈው ማክሰኞ ይማም ከፒያሳ እስከ ሙጋድ
በእግሩ ሄደ፣ እኔ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ፣
የባጃጅ ታርጋ እየቆጠረ።
መቶ አሥራ ስድስት።
አኃዙ ይኸው ነው። ደግሜ አላጣራሁትም፤
በዚህስ ከእሱ ጋር አልፎካከርም።

በካዝና ቀሪ፦ አርባ ሦስት ብር ከሃያ።
የጓዳዬን መቀርቀሪያ ነቅያለሁ፤
የብሎኖቹ ቀዳዳ በሩ ላይ አራት ቦታ ይታያል።
ለመድፈኛው ወጪ አልጠየቅሁም።