ማኅተም ጠባቂ

ደጀን አፋፉ ላይ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ቆርቆሮ ቤት አለኝ የምሸጥበት መድን።
አንድ ጠረጴዛ፣ ወንበሬ ሁለት፣
የአንደኛው እግር በሽቦ የታሰረበት።
ከግድግዳው መሐል ፈቃዴ ተሰቅሎ፣
ፎቶዬን ከጥጉ፣ ማኅተም ከላይ አዝሎ፣
ከግርጌው በቀጭን፣ በደቃቅ ጽሑፍ፦
«በዚህ ክልል ብቻ። ከዚህ እንዳያልፍ።»

ገደሉን ወርጄ ድልድዩ ጋ ብቆም፣
የሚያልፈውን ሁሉ «ፈቃድ» አይሉትም፤
አይሱዙው ያልፋል ጤፉን ተጭኖ፣
ዝንጀሮው ያልፋል የሙዝ ልጣጭ ዘግኖ፣
በሽታም ያልፋል በከብት አፍንጫ፣
ጭጋጉም ያልፋል ሳይጠየቅ መውጫ።
እኔ ብቻ አለሁ ቦርሳዬን አንግቼ፣
አንድ እግሬን ተክዬ፣ አንዱን አንሥቼ።

የባዘዘው ላም ስትሞት በመብረቅ፣
ካሳውን ስቆጥር ያየኝ ሰው ከሩቅ
በግንቦት ገበያ ቢሮዬ ዘለቀ፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ሰላምታ ጠየቀ።
አሳየኝ ከጋቢው የቋጠረውን ብር፤
«ለሁለት በሬዎቼ ጻፍልኝ» ሲል በክብር።
«በሬዎቹ የት ናቸው?»
«ጎሐ ጽዮን፣ ማዶ።»
«ማዶ አልችልም፣ ጋሼ።»
«ምነው? ድልድዩ ተንዶ?»
«ድልድዩስ ደኅና ነው፣ የለኝም ወረቀት።»
ዝም አለ። አየና ፈቃዴን ከፊት
እንዲህ አለኝ፦ «አውጣ። ቋጠሮው አይፈታ፤
ወረቀትህ ሲመጣ፣ ስሜ ነው ገለታ።»

«ደጀን ያድራሉ በል፣ ማን ሄዶ ያያል?»
ባዘዘው ነው ይህን በጆሮዬ ያለኝ።
እኔ ግን አውቃለሁ፤
በውሸት የተያዘ ውል፣ ሲስቡት ይበጠሳል።

አመለከትኩ እንግዲህ። ሦስት ጉርድ ፎቶ፣
የሥራ ልምዴን ሰው በፊርማው አጽንቶ።
«ከዚያ ወገን መልስ ይምጣልን» አሉኝ፤
እዚያ ስሄድ ደግሞ ወዲህ መለሱኝ።
ፈተናም ሰጡኝ፣ ያንኑ ፈተና፣
ያለፍኩትን አልፌ ላልፍ እንደገና፤
«እሳት ማለት ምን ነው? አደጋስ?» ይላል፣
ከወንዙ ማዶ እሳት ሌላ ይመስል።

ሕጉንስ አልነቅፍም።
አምና ነው አንድ ወኪል ነኝ ባይ
የሃያ ሰው መዋጮ በኪሱ ሸክፎ
ከሉማሜ የጠፋው፤
ስመኝ የምትባል ሴት ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልላ
እስከ ዛሬ በየገበያው ትጠይቀኛለች፣
«ይሄ ማኅተም የማን ነው?»
ማኅተም ሰው ይጠብቃል።
ሰውም ማኅተም ይጠብቃል፤
በሬ ግን ሁለቱንም አያውቅ፣ ሣር ነው የሚያውቀው።

በሐምሌ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘንቦ
የገደሉ አፋፍ ላላ፤ ውሃ ጠጥቶ ጠግቦ፣
የገለታ ቦራ፣ ግንባረ ነጩ፣
ሣር ሲያይ ተናደ መሬቱ ከሥሩ።
ስልክ ደወለልኝ። ስለ ካሳ አላለም።
«ቦራ ሄደ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ፈቃዴ የደረሰው ነሐሴ ሲገባደድ፣
ሁለት ክብ ማኅተም፣ እንደ በሬ ዓይን ጥንድ።
ሚኒባስ ተሳፍሬ ገደሉን ወረድኩኝ፤
ድልድዩን ስሻገር ማንም አልጠየቀኝ።

ገለታን በረቱ በራፍ ላይ አገኘሁት።
ወረቀቱን ተቀበለ፣
ጣቱን በማኅተሙ ዳርቻ ቀስ ብሎ አዞረና
«ያምራል» አለ።
ቆየት ብሎ ደግሞ፣
«እግዜርም ፈቃድ አለው፤ የሱ ቶሎ ይደርሳል።»
ከውስጥ ዳልቻው ብቻውን ያመሰኳል፤
ለመስከረም መቀናጆ የጎረቤት በሬ ተለምኗል።

ቅጹን ዘረጋሁ።
«የበሬ ብዛት» ከሚለው ፊት እስክሪብቶዬ ቆመ።
«አንድ በል» አለኝ ራሱ።
ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ሳበ፤
ያ የግንቦት ቋጠሮ፣ ክረምቱ መትቶት ጠንክሯል፣
በጥርሱ ፈታው።
ግማሹን ቆጥሮ ሰጠኝ፤
ግማሹን መልሶ ቋጠረ።