የወንዙ አፍ

የሞገድ ሰሌዳ ሳክም ከጥላ ሥር፣
መጣ ከነካርታው ጥያቄ ሊደረድር፤
ዘረጋው ወረቀቱን በሰሌዳው ጀርባ፣
ሙጫው ገና እርጥብ ነው፤ ዳር ዳሩን ጠባ።
«ኤሊዬሰር» አለኝ፣ ስሜን ካጥር አንብቦ፣
በሚስቱ፣ በሻንጣው፣ በድካሙ ተከቦ፤
«ኮስታሪካ ሁለት ባሕር አላት አሉኝ፣
እኔን ደግሞ ከሥራ አሥር ቀን ነው የሰጡኝ።
የቱ ጠረፍ ይሻላል? ዝንጀሮ በንጋት
ከደጄ እንዲጮህልኝ፣ ሰው ሳይበዛበት፣
አሸዋው የነጣ፣ ሞገዱም ለጀማሪ
ረጅም፣ ግን ደግሞ የዋህ ይሁን፣ መካሪ።»

ሚስቱ ምንም አላለች፤ ተቀመጠች በቃ፣
አሸዋው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ።

ወደ ሰሜን ብልህ፣ ሆቴሉ ብዙ ነው፣
ጦጣው ከሰው መዳፍ ብስኩት የለመደው።
ወደ ምሥራቅ ብልህ፣ በካሪቢያን ዳር
ዝናቡ እንደ ዘመድ አይሄድም ሳያድር፤
ሞገዱ ጥሩ ነው ጥርና የካቲት፣
ከሥሩ ግን ኮራል፣ ምሕረት የሌለበት።
ወደ ደቡብ ብልህ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣
ድልድዩን ወንዙ አምና ስለወሰደው፤
ጃጓሩን አታገኝ፣ ዱካውን ታያለህ፤
እሱ ግን ያን ማታ ስትመጣ ነው ያየህ።

«እዚህስ? ቦካ ሴካ?» ሲል አቋረጠኝ።
አፌን በክንዴ ከለልኩ፤ ሳቅ ነው የቀደመኝ።

ባለፈው ሐሙስ ነው፤ ኖርበርት የሚሉት
ይህንኑ ጠይቆኝ፣ ይህንኑ ነገርኩት፤
አራዊትና ሞገድ ባንድ ሳህን አዞ
ከወንዙ አፍ ገባ ሰሌዳውን ይዞ።
ያዘዘው ቀረበ፣
ጥርሱን አግጥጦ፣
አዞ።

ሰውየው ተረፈ፤ ዛሬ ሳን ሆሴ ነው።
ሰሌዳው ግን እዚህ ነው። ካርታህን ያነጠፍከው
በእሱ ላይ ነው፤ ዳብሰው።
ሰባት ቀዳዳ ነው።

እጁን ሰበሰበ። እኔም አልፈረድኩም።
ወንዙ እንዲህ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም፤
ድንጋዩን ከተራራ ጎትቶ አወረደ፣
ባሕሩም በዚያ ላይ ተጠቅልሎ ነጎደ፤
ዓሣው በዚያው አፍ ላይ ለመብል ወረደ፣
አዞውም ዓሣውን ብሎ ተሰደደ።
ሞገዱን ብቻ ስጠኝ፣ ጥርሱን አስቀርልኝ
የሚል ሰው ሲመጣ፣ ለወንዙ ምን ልበል?

ቀይ መብራቷን ይዛ ዮርሌኒ ልጄ መጣች፤
ሌሊት ሌሊት የኤሊ ጎጆ ትቆጥራለች።
«ማታ አንዷ ወጣች፣ አንድ መቅዘፊያ የላት፤
ስንት ጸጥ ያለ ዳር፣ ጨለማ እያለላት
እኛ ዘንድ፤ ውሻ አለ፣ አምፖል አለ፣ ጩኸት።
እዚህ ነው የተፈለፈለች፤ ምርጫ አልነበራት።»

ሴትየዋ ተነሣች አሸዋዋን አራግፋ፣
«ልምጣ?» ብላ ሄደች ካርታውን አልፋ።

እሱ እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል፣ ሊመርጥ ገና፤
ካርታውን ቢስበው እምቢ አለ፣ ደረቀና።
ባልላጠው ጊዜ ላዩን አለስልሼ
ሙጫ ደረብኩበት፣ በማግስቱ ተመልሼ።

አሁን ያን ሰሌዳ የሚከራይ ሁሉ
ካገር አገር ላይ ነው የሚቆም በሙሉ፤
አንድ እግሩ ካሪቢያን፣ አንድ እግሩ ደቡብ ጭቃ፣
ሁሉንም ይረግጣል፤ ሦስት ቆጥሮ በቃ፣
ይወድቃል።
ፔሊካኖቹ ቀና ብለውም አያዩት።

እኔ ግን እጄን ከግንባሬ ላይ ጥዬ አያለሁ፤
ያ የሚንሳፈፈው
ግንድ ይሁን፣ ሌላ።