የዝንብ ቀላቢ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣
በቆሎ ዱቄቱን ከውሃ ጋር ሳማክር፣
እርሾ ስበጠብጥ፣ ስኳር ስመጥን፣
ስቀልብ ኖሬያለሁ የዝንብ ሠራዊትን።

እዚህ ሴገድ ከተማ፣ ከቲሳ ወንዝ ማዶ፣
ጉሙ በትራሙ ሐዲድ ላይ ሲተኛ ወርዶ፣
ምድር ቤት ነኝ እኔ፤ ድስቴ ትልቅ፣ ስሜ ትንሽ፤
ሲቸግራቸው ብቻ፣ «ምግብ አለቀ፣ ዴኔሽ!»

ከላይ ፎቅ ላይ ደግሞ ወጣቶች ይመጣሉ፣
በአራት ዓመት ዶክተር ልንሆን ነው ብለው ይምላሉ፤
በአምስተኛው ዓመት መማል ያቆማሉ።

ሊያውቁ የሚሹት ይኼን ነው፦
ሰውነት ከማንም ሳይማር፣ ማንም ሳያስጠነቅቀው፣
ባዕድ ሲገባበት በምን ዓይኑ አወቀው?
ያ የመጀመሪያው ዘብ፣ ከእናት ሆድ የመጣ፣
የጠላቱን ስም ሳይጠይቅ ጦር ይዞ የሚወጣ፤
«ጀግና ነው» ይላሉ፣ «ግን ትዝታ የለው፤
ትናንት የገደለውን ዛሬ አያስታውሰው።»

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ያለ ሰው
የፕሮፌሰር ሻሮልታን ደጅ ገና አልረገጠው፤
እዚህ ዝንብ ነው ጋኑን ለሰው ልጅ የሚከፍተው።

ቼንጌ ስትጀምር፣ እጇ እየራደ፣
መርፌዋ ከዝንቧ ይልቅ ጣቷን ወጋ፤ ጓንቷ ተቀደደ።
«ትንፋሽሽን ያዢ» ይላታል ዦምቦር፣ ሦስት ዓመት የቆየው፣
«ጠለቅ ካልሽ መርፌው ራሱ ነው ዝንቧን የሚገድለው፣
በሽታውን ሳናየው።
ሊድን የሚችል ቁስል ማቁሰል ነው ትምህርቱ፤
ሌላው ብልቃጥ ማጠብ ነው፣ ቀንና ሌሊቱ።»

በየካቲት አለቁባት። የተወጉት ቢሆኑ፣ ደግ፤
ያልተወጉትም ረገፉ፣ በየጠርሙሱ ጥግ።
የስድስት ሳምንት ሥራ፣
ዘጠኝ መቶ ዝንብ ቆጥራ፣
ልትደፋው ተነሳች፣ ለማንም ሳታወራ።

ሻሮልታ ደረሰች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ምንም ያላደረግሻቸውን ማን ገደላቸው?» አለች፣ ቀስ ብላ፤
«እሱን ጽፈሽ ነው የምትደፊው፤ ከዚያ በፊት የለም ሌላ።»
ቼንጌ አለቀሰች፤
እያለቀሰች ጻፈች።

እኔ ከደረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁ፤
ማን እንደገደላቸው ያን ጊዜ አወቅሁ።
ያ ሐሙስ፣ ልጄ ከግራዝ ደውላ ስንከራከር፣
የሻጋታ መከላከያውን ረስቼው ነበር።
በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም ብል ማን ሊያውቅ?
ድስት አይመሰክር፣ ጭልፋ አይጠየቅ።

ሦስት ቀን ሙሉ አጠብኩት፣ የታጠበውን ድስት፣
ከውስጡ የሚወጣ ይመስል፣ የኔ መርሳት።
በአራተኛው ወጣሁ፤ ሊፍቱን ትቼ በእግሬ፣
«ጥፋቱ ከድስቴ ነው» አልኳት፣ እስከ ጆሮዬ አፍሬ።

ቁጣዋን ስጠብቅ፣ ደብተሯን ገለጠች።
«ዴኔሽ፣ ሠላሳ አንድ ተርፈዋል» አለች፤
«ያን ሻጋታ በልተው፤
ኋላ ስወጋቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቆዩ፣ በርትተው።
በአጋጣሚ ይሆናል። ግን ያ ትዝታ የለውም ያልነው ዘብ፣
ምናልባት ይዞ ቢሆንስ፣ አንዳች ነገር በልብ?»

ሻሮልታ ሰምታ፦ «አንዴ ወሬ ነው፤ ሦስቴ ነው ነገር።
ድገሚው» ብላ ሮጠች፤ ትራም ሊያመልጣት ነበር።

እና ቼንጌ ወረደች፣ ወደ ምድር ቤቴ፣
በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ከፊት ለፊት ከድስቴ፦
«ያን ስህተት ሥራልኝ፣ ልክ እንደዚያን ቀኑ፤
እርሾው ስንት ነበር? የእሳቱስ መጠኑ?»

ስንት ነበር?
ሃያ ስድስት ዓመት በመዳፌ እየመዘንኩ፣
አንዲት ቁጥር የትም አልጻፍኩ።
«እጄ ያውቀዋል» አልኳት።
«እጅህ ለኔ አይነግረኝም» አለች። መልስ አጣሁላት።

ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፣ አዲስ፣ ያልተነካ መስመር፤
«ስምህን ከላይ ጻፍ» አለችኝ፣ «ቀኑን ከሥር።»
ጻፍኩ፦ ዴኔሽ። ሐሙስ። ውሃ፣ አሥር ሊትር።
እጄ ይርድ ነበር።