የሞራግ መጋዝ

ከኢንጎኒሽ በላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አከራዬ ሞራግ ሞተሩን አጠፋች፤ ጉሙ ግን አልነቃ።
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከመኪናው ኋላ
መጋዟን አነሣች፣ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ።
«ጫማህ ውሃ ያስገባል?» ስትል ጠየቀችኝ፤
«አያስገባም» አልኳት።
«ያስገባል» አለችኝ።

ረግረጉ ላይ ሳንቃ ተነጥፏል፣ ግማሹ የበሰበሰ፤
አሥር እርምጃ ሳልሄድ ካልሲዬ ራሰ።
ዞር ብላ አላየችም፤ ትከሻዋ ብቻ ሲነቀነቅ አየሁ፣
ሳቋን እየዋጠች መሆኗን ለየሁ።

ቀትር ላይ ጉሙ ተፈታ፣ ክሩ እንደተሳበ ሹራብ፤
ሸለቆው ብቅ አለ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ አጀብ።
መጀመሪያ ወንዙ፣ ረግረግ ያፈላው ሻይ፣
ቀጥሎ ጥዱ፣ ከዚያ ሜፕሉ፣ ቀይ በቀይ፣
ከሁሉ በላይ ገደሉ፣ ራቁቱን ከሰማይ ጋር ሲተያይ።
አፌን እንደከፈትኩ፣ ለስልኬ ኪሴን ስፈትሽ፣
«ለዚህ አልመጣንም» አለች፤ «ና፣ ሳይመሽ።»

ከወንዙ ማዶ ሜዳ ነበረ፤ ጥድ እየበላው ነው አሁን፤
አራት ማዕዘን የድንጋይ ጉድጓድ፣ የቤት መሠረት መሆኑን
ሳትነግረኝ አወቅሁ። ደጃፉ በነበረበት
አንድ የፖም ዛፍ ቆሟል፣ ማንም የማይለቅምበት።

«የእናቴ አያት ተከሉት» አለች፤ ሌላ አልጨመረች።
ጓንቷን አጠለቀች፣ ድንጋይ ላይ ወጣች፣
የሞተውን ከሕያው በጣቷ እየለየች፣
ቆረጠች።
«የሚከረከመው በመጋቢት ነበር፤ ግን በረዶው አያሳልፍም፤
ዛፉም ለምዶታል፣ በጥቅምት ብመጣ አይቀየምም።»

«ለማን ብለሽ?» አልኳት። «ማን ይበላዋል? አጋዘን ወይስ ወፍ?»
መልሷ መጋዙን ማቀበል ሆነ፤ «ያን ወፍራሙን፣ በሰያፍ።»

ሳብኩ፣ ገፋሁ። ብናኙ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።
ቅርንጫፉ ሲወድቅ አንድ ፖም አብሮ ወደቀ፣ ትንሽ፣ ቡግር የወረሰው፤
ነከስኩት። ሌላ ሰው የተከለው የእኔን ጥርስ አጠረሰው።
እስከ ፍሬው በላሁት ግን፤ ታየኝ ነበርና።

ወንዙን ተሻግረን ዞር ስል፣ ሙስ የሚሉት ግዙፍ አጋዘን ከጥዱ ወጣ፤
እንደ ባለቤት ሳይቸኩል፣ የጣልነውን ቅርንጫፍ ሊያሸት መጣ።
ሞራግ አላየችውም፤ ወይ አይታ ዝም አለች።
መኪናው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ቆየች፣
መጋዙ ብብቷ ሥር፣ ጉልበቷን በመዳፏ ይዛ፤
«ለከርሞ» አለችኝ፣ «ውሃ የማያስገባ ጫማ ግዛ።»