እጅ የማይፈጅ እሳት

አርባ ሁለት ዓመት መስታወት ሳጣምም፣
የሆቴል፣ የሲኒማ፣ የጫማ ቤት ስም ስቀልም፣
ይሄን የመሰለ ትእዛዝ ገጥሞኝ አያውቅም።

ግንቦት ነው፤ ፒያሳ ደመና አርግዛለች፤
አንዲት ሴት ዣንጥላ አጥፋ ደረጃዬን ወረደች።
«እልፍነሽ እባላለሁ፤ አራት ኪሎ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤
ጋሽ ሳህሉ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ እፈልጋለሁ።»

ጫፉ ክፍት! ሳቅሁባት።
ኒዮን እኮ እስረኛ ነው፤ አየሩ ተመጥጦ፣
ጋዙ በጠብታ ገብቶ፣ ሁለቱም አፉ ተቆልፎ
ነው የሚበራው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካገኘ
ሄደ፣ ቀበናን አልፎ።

«እኔ እንዲያመልጥ ነው የምፈልገው» አለች።

ጠመኔ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈች፤
ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ። «አራተኛውስ?»
«አራተኛውማ አራት ኪሎ ይኖራል» ብላት
ሳቋ አመለጣት።
«እርስዎም ዘንድ አለ፤ በየፊደልዎ ሆድ
አርባ ዓመት ያሰሩት፣ ሳይፈጅ የሚነድ።»

ከዚያ ስለ አንዲት ኤሌክትሮን አወራችኝ፤
ትሮጣለች፣ ትጋጫለች፣ ሌላዋን ትቀሰቅሳለች፤
ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ እልፍ ትሆናለች።
«ስምሽን ነዋ የምትነግሪኝ!» አልኳት።
እነሱ የጋሉ ናቸው፤ ጋዙ ግን አይሞቅም፤
ጃን ሜዳ በጠዋት ኳስ እንደሚራገጡ ልጆች፣
ላብ በላብ ናቸው፤ ሣሩ ግን ጤዛውን አልጣለም።

ትራንስፎርመሩን ምናለሽ ተራ ከሞተ ቴሌቪዥን ሆድ አወጣነው፤
አርጎኑን ከበያጆች ተበደርነው።
የመጀመሪያው ቱቦ አውራ ጣቴ ላይ ተሰበረ።
ሁለተኛው የሰፈሩን መብራት ይዞ ጠፋ፤
ከላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ
ግማሽ ጺሙን የተላጨ ደንበኛውን አስከትሎ
እየተሳደበ ወረደ።
ሦስተኛው...

ሐምራዊ ምላስ። ስስ። የጣት እርዝማኔ።
መብረቅ ከወደቀ በኋላ ያለው ሽታ ቤቱን ሞላው።
«እጅዎን» አለች።
የኔን እጅ! እሳት አሻራውን የበላውን እጅ!
ሰጠሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ።
ልጅ ወድቆ ሲነሣ ጉልበቱን እፍ እንደሚሉት፣
ያን ያህል ብቻ።

አርጎን ተወደደ፤ ዶላር የለም ተባለ፤
እሷ መሣሪያውን ተራ አየር አስለመደችው።
ቀጥላ የምስር ዘር ፊቱን የሚታጠብበት ሳጥን ሠራች፤
ብቅለቱ ፈጠነ ትላለች፤ እኔ የማውቀው ወጡን ነው።
የፈጠራ ወረቀቷ ላይ ማኅተም አለ፤ ስሟ አለ፤
የኔ የለም፤ አልጠየቅሁም። ትንፋሼ ግን
መስታወቱ ውስጥ ነው፤ ማኅተም አያስወጣውም።

አንድ ቀን ስለ ስኳር ሕመምተኞች እግር ስታወራ፣
አልገጥም ስላለ ቁስል፣
ቀስ ብዬ ካልሲዬን አወለቅሁ፤
ዓመት የደበቅሁትን አሳየኋት።
መሣሪያው እፊታችን ነው። ሶኬቱ ተሰክቷል።
አየችኝ፤ አየችው፤ ነቀለችው።
«የኮሚቴው ደብዳቤ ሳይወጣ አይሆንም፤
ሌላ ሰው ቢሆኑም አልነካዎትም፤ እርስዎንማ ጭራሽ።»
ተቀየምኩ። ስምንት ወር ሙሉ ተቀየምኩ።

ጥቁር አንበሳ፤ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፤
በመስኮቱ የቸርችል ጎዳና መኪና ይጮኻል።
ነርሷ አበራችው።
አንገቱ ላይ፣ ሁለተኛው ክርን ጋ፣
ያቺን ትንሽ እብጠት አየኋት፤
የቸኮልኩባትን፣ የራሴን ጉድለት።

ዳነ ወይ? ሐኪሞቹን ጠይቁ፤
እነሱ ገና በማስመሪያ ይለካሉ።
እኔ የማውቀው፣
ለስንቱ ስም ያበደርኩት ትንፋሽ
ዞሮ ዞሮ
እግሬን እፍ አለኝ።