የቀኝ በር፣ የግራ በር

ሐምሌ ነው ሳልቶ ላይ፤ ዝናቡ ብራዚል ቀርቶ ለኛ የደረሰን ብርድ፣
የበሩ ብረት ይነክሳል፣ መፍቻ የያዘ እጅ እስኪርድ።
ፊያቷ ሠላሳ አንድ ዓመቷ፤ ቀለሟን ፀሐይ ልሶታል፣
ሞተሯ ግን እሺ ይላል።
ቴፑ ነው የታመመው፤ ጉድጓድ ላይ ስወድቅ ብቻ የሚዘፍን፣
ከጉድጓዱ ስወጣ እንደ አኩራፊ አፉን የሚከድን።

ወንድሜ ሄበር መጣ። የእናታችን ቤት ከተሸጠ
አራት ዓመቱ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠ።
ማን እንደነገረው እንጃ፤ ወሬ እዚህ ቀጭን ሽቦ ነው፤
«ኒድያ፣ ስፒከር ገዝተሻል አሉ» አለ፤ ሰላምታው ይኼ ነው።
«ራሴ ነኝ የምቀይረው።» «አውቃለሁ። አንዱን በር ልፍታ።»
እኔ የቀኙን ያዝኩ፣ እሱ የግራውን፤ መካከላችን ወንበርና ጸጥታ።

የበሩ ልብስ በፕላስቲክ ጥርስ ነው የተያያዘው፤
አንዱ ቀጭ አለ፣ ሁለተኛው ቀጭ፤ ሦስተኛው ተሰበረ። ማን ይተካው?
ከውስጡ ምን ያልወጣ አለ! አሸዋ፣ የተርብ ቤት፣
የማይገዛ ሳንቲም፣ ወደ ኮንኮርዲያ የተቆረጠ ግማሽ የጀልባ ትኬት።
የአሮጌው ስፒከር ወረቀት እንደ ደረቀ ቅጠል
ጣቴ ሲነካው ፈረሰ፤ ማግኔቱ ግን አሁንም ብሎን ይጠራል።

ሽቦዎቹማ! ከኔ በፊት የነዳት አንድ ብልጥ
በቁስል ፕላስተር አስሯቸዋል፤ ቀዩ በጥቁር፣ ጥቁሩ በቢጫ ሲለዋወጥ።
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክር አውቃለሁ፤ ሽቦም ክር ነው አልኩ፣
ላጥኩ፣ አጣመርኩ፣ ላስቲክ ጠቀለልኩ።
ሄበርም በበኩሉ ላጠ። አልጠየቀኝም፣ አልጠየቅሁትም፤
ቀዩ የት እንደሚገባ ብንነጋገር አፋችን አይወልቅም።

ቴፑ በራ፤ ሰማያዊ ቁጥር። ዘፈን መጣ፤ ግን ምን ዓይነት ዘፈን!
ጊታሩ አለ፣ ዘፋኙም አለ፤ ባሱ የት ገባ? ብን!
በመስኮት እንደሚያወራ ጎረቤት ዘፈኑ ከወገብ በላይ ነው፤
እግሩን ማን ወሰደው?
«አታለሉሽ» አለ ሄበር። «ድሮም አንቺን...» አለና ነገሩ እዚያ ቀረ፤
የእናታችን ቤት ከነጣሪያው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተገተረ።

ብሎኖቹን ከአፌ አወጣሁ። መልስ ነበረኝ፤ የቆየ፣ የሰላ።
ዋጥኩት። ቁልፉን ማዞር ይሻላል፣ ከዚህ ሁሉ ሌላ።
ወደ ቀኝ ብቻ፦ ባሱ መጣ፣ ወፍራም፣ ሙሉ።
ወደ ግራ ብቻ፦ እዚያም አለ። መሐል ላይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ።

ከግድግዳ ሰዓቴ ባትሪ አወጣሁ፤ ሰዓቱ ዐሥር ከሩብ ላይ ይቁም፤
ሽቦውን ነካ ሳደርግበት የቀኙ ወደ ውጪ ዘለለ፤ ግም!
ሄበር በግራው መረብ ውስጥ አጮለቀ። «ሸሸ» አለ፤ «ወደ ውስጥ ሸሸ።»
አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ በዚህ ነው የተበላሸ።

ከሁለቱ ማናቸውም ቢገለበጥ ይስተካከላል፤
የማን ነው ስህተቱ ቢሉት ሽቦ ይህን የት ያውቃል?
የሱ በር ተገጥሟል፤ የኔ ገና ክፍት ነበረ፤
የኔን ገለበጥኩ። ለሄበርም እንዲህ ብቻ ነው የተነገረ።

ባሱ መጣ፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከጉልበት፣ ከመሬት፤
የበሩ ልብስ ጥርሱ በጎደለ በኩል ተንቀጫቀጨ እንደ በረደው ሌሊት።
ዘፈኑ አልቆ ሰውየው የወንዙን ከፍታ ማንበብ ያዘ፤
«ሳልቶ ወደብ፣ ዐሥር ሜትር ከአርባ፤ እየጨመረ...» ድምፁም ውሃ ያረገዘ።
«ዐሥራ አንድ ከገባ እማማ ደረጃ ላይ ነው» አለ ሄበር ቀስ ብሎ፤
«ሁለተኛው ደረጃ» አልኩት። ዝም አለ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ ጥሎ።
የሌላ ሰው ደረጃ ነው አሁን። አወቅን፤ አልተናገርነው።
ድምፁን ጨመረው።